አንቺ ዳኛ

የልጅ ልጄ ሐሴት ጓሮ ሙዙ ሥር ቆማ በአንዲት ሴት ስታሾፍ ሰማሁ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሳዳምጥ፣ የምታሾፍባት ሴት እኔ ነኝ።

እሷ ይህን አላወቀችም። የምታውቀው ቀልዱን ነው። ሚዛን ከተማ ውስጥ ያን ቀልድ የማያውቅ ካለ፣ ትናንት መናኸሪያ የወረደ እንግዳ መሆን አለበት። አንዲት የገጠር ሴትዮ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ዳኛው «ጉዳይዎን ያስረዱ» ይላታል። ሴትዮዋ እጅ ትነሳና «አንቺ ዳኛ፣ ፍረጂልኝ» ትላለች። በቃ፣ ይሄው ነው። ሠርግ ላይ ይነገራል። ለቅሶ ቤት ሰው ከንፈር መምጠጥ ሲሰለቸው ይነገራል። ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ ይነገራል። አንድ እሑድ ሰባኪያችን እንኳ «ጌታ የሰውን አማርኛ አይመለከትም» ለማለት መድረክ ላይ አወራው፤ ምእመኑ እየተገፋፋ ሳቀ፤ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ መሬት መሬት አየሁ።

ቀልዱ ውስጥ ሴትዮዋ ስም የላትም። ስሟ ተሾመች ነው። እኔ ነኝ።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት በጓሮው በር ብቅ ብዬ።

«ልምምድ ነው፣ እማዬ። ቅዳሜ ለቴአትር ተዋናይ ይመረጣል። የፍርድ ቤት ድራማ ነው፣ ይሄይስ ነው የጻፈው። የከሳሿን ቦታ እንዳገኝ ጸልዪልኝ።»

«ከሳሿ ምን ዓይነት ሴት ናት?»

«አንዲት ፋራ ናታ!» አለችና ሳቀች። «ቆይ ላሳይሽ። ያስቅ እንደሆነ ንገሪኝ።» አፏን ወደ አንድ ጎን አጣመመች፤ ትኩስ ጎደሬ የጎረሰች ይመስል ምላሷን አገላበጠች፤ ከዚያ ያን ቃል አወጣችው።

«አላስቀኝም» አልኳት።

«አንቺን ደግሞ ምን ያስቅሻል!» ብላ ወደ ልምምዷ ተመለሰች።

ሰው ተሾመች ስትናደድ አፏ ይፈጥናል ይላል። ሐሰት ነው። ትንሽ ስናደድ ነው አፌ የሚፈጥነው። በጣም ስናደድ ይዘጋል። ያን ቀን ተዘጋ። ያቺን ልጅ እናቷ ቴፒ ለሥራ ስትሄድ ከጡት አስጥዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ አፏን የፈታሁትም እኔ ነኝ። አሁን የፈታሁት አፍ ተመልሶ እኔን ነከሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባሌ እንድርያስ ሲሞት ወንድሙ ጴጥሮስ ሐዘኑ እንኳ ሳይወጣ መጣና፣ ከቤቴ በታች ያለውን የቡና ማሳ «ሴት የወንድሜን ቡና አትወርስም» ብሎ አጠረው። ከእንድርያስ ጋር አንድ ላይ የተከልነውን ቡና! ጥላ ዛፉን የመረጥኩት እኔ፣ ችግኙን በጀርባዬ ያመጣሁት እኔ። ከሰስኩት። ፍርድ ቤት ስገባ ዳኛው ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ ልጅ ነበር። ያን ቃል አልኩት። አዎ፣ ብዬዋለሁ፤ አልክድም። ጸሐፊዋ ሳቀች። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ። ጴጥሮስ ኮቱ እስኪርገበገብ ሳቀ። ዳኛውም ሳቀና «አማርኛ አትችልም፤ አስተርጓሚ ይቅረብላት» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ።

አስተርጓሚው መጣ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ ያንኑ አማርኛ ተቀብሎ በአማርኛ ይነግራቸዋል። እንዲያውም የሚወላገደው የእሱ ነበር። በዚህ ዓይነት ጉዳዩ ሲጎተት ጴጥሮስ የዚያን ዓመቱን ቡና ለቅሞ ሸጠው። ኋላ ከፍ ያለው ፍርድ ቤት ማሳዬን መለሰልኝ። ዛሬም የእኔ ነው፤ ሐሴትን ያስተማርኩት በእሱ ነው። ግን ማሸነፌን ማን ያስታውሳል? አገሩ ይዞ የቀረው ቀልዱን ነው። መሬቴን አስመለስኩ፤ አፌን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

ለምን እንዲያ እንዳልኩት ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «የቤንች ሴት አንተና አንቺ አይለይላትም» ብለው ዘጉት። ከእኛ ሰው የሚያደባልቅ አለ፤ አይካድም፤ በሰው ቋንቋ ማን አይሳሳትም? እኔ ግን አላደባልቅም። ልጅ ሆኜ አማን ከተማ፣ እትዬ የዓለምዘርፍ ቤት በገረድነት ነው የሠራሁት። አንተን ከአንቺ፣ አንቱን ከእርስዎ መለየት የተማርኩት በኩርኩም ነው። የቤቱን ጌታ «አንተ» ያልኩ ዕለት ጆሮዬ ሲጮኽ ውሎ አድሯል። ከዚያ በኋላ ማንን ምን እንደምል ጠንቅቄ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አልኩት? እናንተም አልጠየቃችሁኝም፤ ስለዚህ ቆዩ።

ቅዳሜ ሐሴት ቀድማኝ ወጣች። እኔም ለበዓል የማወጣውን ቀሚስ ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ተዋናይ እስከሚመረጥበት አዳራሽ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ባጃጆች «እማማ፣ ልሸኝዎት?» ይሉኛል፤ አልመለስኩላቸውም። ንዴት ባጃጅ አይሳፈርም።

በሩ ላይ ሜሮን የምትባል ልጅ የተወዳዳሪ ስም ትመዘግባለች።

«ማዘር፣ ስብሰባው ዛሬ አይደለም» አለችኝ።

«ለስብሰባ አልመጣሁም። ልወዳደር ነው።»

«ምን?»

«ልወዳደር! መጻፉን ብትተይው እንኳ መስማት ያቅትሻል?»

ከውስጥ ይሄይስ ድምፄን ሰምቶ መጣ። አባቱን መምህር በላይነህን አውቃቸዋለሁ፤ ደግ ሰው ነበሩ። እሱም ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሁለት እጁን ዘርግቶ ሳቀልኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ፣ ማዘር! እኛ ጋ የዕድሜ ገደብ የለም። እንዲያውም ለእርስዎ የምትሆን ገጸ ባሕርይ አለች። የተከሳሹ እናት ናት፣ ሁለት ቦታ ላይ ታለቅሳለች።»

«ለማልቀስ ከሆነ ለቅሶ ቤት ጥራኝ። እኔ የመጣሁት ለከሳሿ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የተኮለኮሉት ወጣቶች ሳቁ። ያ ሳቅ አልከፋኝም፤ ባልኩት ነገር ነው የሳቁት። ሐሴት ግን ከመሃላቸው ብድግ አለች።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ተራዬን ልጠብቅ።»

«ቤት ሂጂ በእናትሽ! ምን ልትዪ ነው?»

«አንቺ ከምትዪው ሌላ ምን እላለሁ?»

ይሄይስ «አያትሽ ናቸው? ግሩም ነው!» አለና «ዕድሜ ይቅደም» ብሎ ተራውን ለእኔ ሰጠኝ። መድረክ ወጣሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግተዋል። ከጀርባው ፍቅሩ ተቀምጧል፤ ባጃጅ ነጂው ፍቅሩ። እህቱ የተመረቀችበትን ጥቁር ጋዋን ለብሶ የአናጢ መዶሻ ይዟል። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ነው ዳኛ ያደረጉት፤ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ «አማን! አማን!» ሲል ገበያ ድረስ ይሰማል።

ሲያየኝ አፈረ። «እማማ፣ እኔ ጉዳይዎን ያስረዱ ስል እርስዎ ያቺን መስመር ይሏታል» አለኝ በሹክሹክታ።

«አውቃታለሁ» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገና መዶሻውን መታ። «ከሳሽ! ጉዳይዎን ለችሎቱ ያስረዱ!»

«አንቺ ዳኛ፣ ፍረጂልኝ» አልኩት።

ያኔ እንዳልኩት ነው ያልኩት። አፌን ሳላጣምም፣ ምላሴን ሳላገላብጥ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። ፍቅሩ ወንበሩ ላይ ሸሸት አለ። ከአዳራሹ የሳቀ ሰው የለም።

ይሄይስ ራሱን አከከ። «ማዘር፣ ድምፅዎ ኃይለኛ ነው። ግን ከረረ። ይቺ ሴት እኮ አማርኛ አትችልም። እና... አክሰንቱን ትንሽ ጨመር ያድርጉበት። ይሰባበር። ልክ እንደ ገጠር ሰዎች።»

«እንደ የትኞቹ?»

«ያው... ያውቁት የለ እንዴ!»

«አላውቀውም። እስቲ አንተ አሳየኝ።»

አሳየኝ! የተማረ ሰው፣ የመምህር በላይነህ ልጅ፣ ሰው ፊት ወገቡን ሰብሮ፣ አፉን አጣምሞ፣ ጉንጩን ነፍቶ «አንቺ ዳኛ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሐሴትም ሳቀች። አየኋት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«አየህ» አልኩት ሳቁ ሲበርድ፣ «ከእኔ አንተ ትበልጣለህ። ቀሚስ ልበስና ሴትዮዋን አንተው ሁናት።»

«ኧረ ማዘር፣ አይቆጡ...»

«ማዘርህ አይደለሁም! ተሾመች እባላለሁ። ያቺ አፏን የምታጣምሙላት ሴትዮ ደግሞ እኔ ነኝ።»

 ከኋላ አንዱ ለጓደኛው «እንዴ፣ እውነት አለች እንዴ? እኔ ተረት ነበር የሚመስለኝ» ሲል ሰማሁት። ሜሮን ስልኳን ቀና አደረገች።

«አንቺ ልጅ፣ ስልክሽን አውርጂ። እስከ ዛሬ የሳቃችሁብኝ ይበቃል፤ ደግሞ ለማላውቀው ሰው ልትልኪኝ ነው?»

አወረደች። ወደ ይሄይስ ዞርኩ።

«ያ ቀልድ ራስ የለውም። እናንተ ጅራቱን ይዛችሁ ነው የምትስቁት። ራሱን ልንገርህ። እኔና ጴጥሮስ እኩል ነው የገባነው፤ እኩል ነው የቆምነው። ያ ዳኛ ቀና አለና የጴጥሮስን ኮት አየ። ‹አቶ ጴጥሮስ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ› አለው። ጴጥሮስ ተቀመጠ። እኔን ሳያየኝ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ጥሎ፣ ‹አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ እዚያው ቁሚ› አለኝ። እናቱ እሆነዋለሁ። የባሌን ጥቁር ገና አላወለቅኩም። እኔም የሰጠኝን ቃል እንዳለ መለስኩለት። ‹አንቺ ካልሽኝ እሺ፤ አንቺ ዳኛ፣ ፍረጂልኝ› አልኩት። ‹አንቺ ካልሽኝ› የምትለዋን ማን በላት? ያን ቀን የሳቁት በሏት። ይባስ ብላችሁ እናንተ ዳኛውን ‹እርስዎ› አስባላችሁት። አንድም ቀን ያላለኝን! ሰውዬውን ጨዋ አድርጋችሁ፣ እኔን ደንቆሮ አድርጋችሁ፣ ቴአትር ነው ትላላችሁ!»

ውጭ ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይመታው ጀመር። ይሄይስ እጁ ላይ ያለውን ድርሰት ጠቀለለው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። እውነት ለመናገር ልቡ ተነክቶ ነበር። ፊቱ ያሳብቅ ነበር።

«በጣም ይገርማል» አለ። «በጣም። ግን እማማ ተሾመች፣ ድርሰቱ ታይቶ ጸድቋል። ደግሞ ሕዝቡ የሚመጣው ያቺን መስመር ሊሰማ ነው። እዚያ ላይ ካልሳቀ የት ሊስቅ ነው? እና ይወቁልኝ፣ እኛ እንወዳታለን። ሕዝቡ እኮ ሴትዮዋን ይወዳታል።»

«ሲወዳት አይቼዋለሁ። ሰው ቡችላም ይወዳል።»

«አይ፣ እንደሱ ማለቴ...»

«ምን ማለትህ ነው ታዲያ?»

 የተማረ ሰው መልስ ሲያጣ ያመሰግናል። «እናመሰግናለን፤ ደውለን እናሳውቅዎታለን» አለኝ።

«ስልኬን ታውቀዋለህ?»

«ሜሮን ጋ...»

«ሜሮን ስሜንም አልጻፈችም!»

«ቀጣይ!» አለ ፊቱን አዙሮ። «ሐሴት!»

ሐሴት መድረኩ ደረጃ ሥር ቆማ ነበር። ስወርድ እጄን ያዘችኝ። ፊቷ ቀልቷል።

«አንቺ ነሽ? የእውነት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያኔ ጓሮ... እኔ እንዲያ ስልሽ...»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሴትዮዋ አያትሽ መሆኗን ስታውቂ ብቻ የምትተያት ከሆነ ምን ይረባኛል?»

እጄን ለቀቀችው። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለችኝ፤ እንባዋ ቅርር አለ። «ይሄን ቦታ ስመኘው የኖርኩትን ታውቂያለሽ። ዛሬን መረጥሽ? እዚሁ?»

«ሌላ ቦታ ማን ይሰማኛል?»

ደረጃውን ወጣች። ወደ ቤት ልሄድ ነበር። ግን በሩ አጠገብ ያለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አፏን ስታጣምም ደግሜ ላያት ነው ብዬ ዓይኔን ወደ ዝናቡ አዞርኩ።

ፍቅሩ መዶሻውን መታ። «ከሳሽ! ጉዳይዎን ለችሎቱ ያስረዱ!»

ድምፅ የለም። ዞር ብዬ አየሁ። ሐሴት እጇን አጣምራ ቆማለች። አፏ ተዘግቷል።

ይሄይስ «መስመርሽ!» አላት ከታች።

«ከሳሽ» አለ ፍቅሩ፣ «ጉዳይዎን ያስረዱ እንጂ።»

 ከኋላ ሰው መንጫጫት ጀመረ። አንዱ «ረሳችው!» አለ፣ ሌላው አፏጨ። ፍቅሩ ይሄይስን አየ፣ ይሄይስ ትከሻውን ነቀነቀ። የፍቅሩ ግንባር አላበው። ሰው ሁሉ እሱን የሚያይ መሰለው መሰለኝ፤ ዳኛ መስሎ ተቀምጦ የሚሰማው ሲያጣ ምን ያድርግ? ጠረጴዛውን በመዶሻው ቀጠቀጠው።

«አንቺ! አትሰሚም እንዴ? ተናገሪ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት።

ሐሴት እጇን ፈታች።

«አቤት» አለች። «አሁን ሰማሁ። አንቺ ካልሽኝ እሺ። አንቺ ዳኛ፣ ፍረጂልኝ።»

ጥርት አድርጋ ነው ያለችው። አንድ ፊደል ሳታጣምም። አንድ ልጅ ከኋላ መሳቅ ጀመረ፤ የሚከተለው ሲያጣ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ፍቅሩ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ የሚፈነዳ ነገር የያዘ ይመስል።

«ሐሴት፣ ይሄ ድርሰቱ ላይ የለም» አለ ይሄይስ።

«አውቃለሁ።»

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን የለም። እንደገና እንየው። እንደ ተጻፈው።»

«እንደ ተጻፈው አልልም።»

«እንግዲያ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው። ተረድተሽኛል?»

«ተረድቻለሁ» ብላ ወረደች። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም።

ቦታው ከእሷ ቀጥላ ለወጣችው ለሳራ ተሰጠ። ሳራ ጎበዝ ናት፤ አፏን ስታጣምም መንጋጋዋ የወለቀ ነው የሚመስለው። አዳራሹ ለእሷ ሳቀላት።

ስወጣ ፍቅሩ ጋዋኑን እንደ ለበሰ እየሮጠ ደረሰብኝ። «እማማ፣ በጌታ ይዤዎታለሁ ይቅር ይበሉኝ። ሐሴትን እንዲያ ማለቴ... ስትዘጋኝ ጊዜ ተናደድኩ፣ ሳላስበው ነው የወጣኝ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያንም ዳኛ ሳያስበው ነው የወጣው። አስቦበት ቢሆን ኖሮ ድሮ ትቼለት ነበር።»

በባጃጁ ልሸኝዎት አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። ሐሴት ፊት ፊት እየሄደች ነበር፤ በባጃጅ ላልፋት አልፈለግኩም።

ቤት ስንገባ ምጣድ ላይ የነበረውን ቆጮ ቆርሳ አቀረበችልኝና ምን አለችኝ? «እርስዎ ወጥ ልጨምርልዎ?»

እርስዎ! ደረቴ ላይ ተኝታ ያደገች ልጅ! እሷ እኔን ከአንቺ ሌላ ጠርታኝ አታውቅም። ዳኛው አንቺ ሲለኝ የነደድኩትን ያህል እሷ እርስዎ ስትለኝ ነደድኩ። ያንን ቃል ዳኛው ቢለኝ ክብር ነበር፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ በር መዝጊያ ሆነ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ቃል እንዴት እንደሚመለስ ያስተማርኳት እኔ አይደለሁ?

«ይበቃኛል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ «እርስዎ እንደምን አደሩ»፣ «እርስዎ ውሃው ሞልቷል» ሆነ። ጎረቤቴ አማረች አንድ ቀን ሰማችና «ምነው፣ እንዴት ጨዋ ሆናለች ልጅሽ!» አለችኝ። «ጨዋነቷን እግዜር ይይላት» አልኳት።

ገበያ ቀን ኮረሪማ ልሸጥ ወጣሁ። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጥግ ዕቃዬን ዘርግቼ ሳለሁ፣ የማላውቀው ነጂ ለጓደኛው ያን ቀልድ ሲያወራ ሰማሁት።  ኮረሪማውን ከዘንቢሉ ጋር ፊቱ ላይ ልወረውርለት አሰብኩ። ግን አጀማመሩ ሌላ ሆነብኝ።

«... እና ዳኛው ሰውዬውን ‹አቶ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ› ይለዋል። ሴትዮዋን ደግሞ ‹አንቺ፣ እዚያ ቁሚ!› ይላታል። እሷ ምን አለችው መሰለህ? ‹አንቺ ካልሽኝ እሺ፤ አንቺ ዳኛ፣ ፍረጂልኝ!›»

ጓደኛው ጠበቀ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቃ።»

«ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው? ልክ አይደለች እንዴ ሴትዮዋ?»

«እኔ እንጃ። ድሮ ያስቅ ነበር። ፍቅሩ ነው ያበላሸው፤ እሱ ሲያወራው እንዲህ ነው።»

ኮረሪማዬን ሰብስቤ ተነሳሁ። ገበያው ገና ሳይደምቅ ተነሳሁ። ቤት ስደርስ ሐሴት ደጃፍ ላይ ቡና ታሰጣለች። ፊቷ ቆሜ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳት፤ የነጂውን ድምፅ እያስመሰልኩ፣ የጓደኛውንም እያስመሰልኩ። «ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው» የሚለው ጋ ስደርስ ካጎነበሰችበት ቀና አለች።

«አንቺ!» አለችኝ። «አንቺ፣ እውነትሽን ነው? ቀልዱ ተበላሸ?»

«ተበላሽቷል» አልኳት። «ከእንግዲህ አይሠራም።»

ሳቋ አመለጣት። ቃሉም እንዳመለጣት ያወቀችው ቆይታ ነው፤ ስታውቀው አቀረቀረችና ቡናውን ማሰጣቷን ቀጠለች። እኔም ያልሰማሁ መሰልኩ።

ቴአትሩ ሊታይ ቀኑ ተቆርጧል። ሳራ አፏን ታጣምማለች፤ ይሄይስ መጋረጃው ኋላ ሆኖ ሳቁን ይጠብቃል። ሐሴት «አብረን እንሂድ፣ ግን አደራ እንዳትጮኺ» ብላኛለች። አልጮኽም። የፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፤ ከዳኛው ጠረጴዛ ፊት ለፊት። ፍቅሩ ቀና ሲል የመጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው። ያ ዳኛ ያላለኝን «ጉዳይዎን ያስረዱ» ማለት ካማረው፣ ዓይኔን እያየ ይናገራት።